97 በመቶ ላይ የቆመ ባክአፕ፦ የቱን ታስክ ላቁም?

ጥያቄ፦ «ቨርቹዋል ማሽኖቻችንን (ሰርቨር ውስጥ በሶፍትዌር የተፈጠሩ ኮምፒውተሮች ናቸው) ከሚያስኬዳቸው ሶፍትዌር ከፕሮክስሞክስ ወደ ፕሮክስሞክስ ባክአፕ ሰርቨር ነው ባክአፕ የምናደርጋቸው። በየማታው የሚጀምረው ሥራ ብዙ ጊዜ በ3 ሰዓት ውስጥ ያልቃል። የትናንቱ ግን 14 ሰዓት አልፎት 97 በመቶ ላይ ቆሟል። ባክአፕ ሰርቨሩ ላይ ቬሪፊኬሽንና ጋርቤጅ ኮሌክሽንም አብረው እየሄዱ ነው። ሠራተኞች ሲስተሙ ተንቀራፈፈ እያሉ ስልኬን አጨናንቀውታል። ከባክአፕ ሰርቨሩ ገጽ ላይ ባክአፑን ስቶፕ ካልኩት 20 ደቂቃ ሆነው፤ አሁንም እየሄደ እንደሆነ ነው የሚያሳየው። ፕሮሰሱን ኪል -9 ልበለው? ወይስ ሰርቨሩን ሪስታርት ላድርገው? የድሮዎቹ ባክአፖች እንዳይበላሹብኝ ፈርቻለሁ።»

ምላሽ፦ በሥራ ላይ ያለን ፕሮግራም (ፕሮሰስ) በግድ የሚገድለውን ኪል -9 አይጠቀሙ። ሰርቨሩንም አሁን ሪስታርት አያድርጉ። የድሮዎቹ ባክአፖች ባሉበት አሉ፤ ይህ ሥራ ስለተቋረጠ ብቻ አይበላሹም። ግን መጀመሪያ መቆም የነበረበት ባክአፑ አልነበረም። የተቀመጡት ባክአፖች ጤነኛ መሆናቸውን የሚያጣራው ቬሪፊኬሽንና የማያስፈልግ ዳታ የሚያስወግደው ጋርቤጅ ኮሌክሽን ነበሩ።

ከስቶፕ ቁልፉ ልጀምር፤ አብዛኛው ስህተት የሚመጣው እሱን ካለመረዳት ነው። ስቶፕ ስንል ታስኩ (ሰርቨሩ የያዘው ሥራ) እንደ አምፖል ድርግም ብሎ የሚጠፋ ይመስለናል። ቁልፉ ግን የሚያደርገው፣ ታስኩ አልፎ አልፎ ዞር ብሎ በሚያየው ቦታ ላይ «ይበቃል» የሚል ምልክት ማስቀመጥ ብቻ ነው። ታስኩ በእጁ ያለችውን ትንሽ ሥራ ይጨርሳል። ምልክቱን ያያል። የከፈተውን ይዘጋል፣ የቆለፈውን ይፈታል፣ ከዚያ ይወጣል። ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ ይህ ሁሉ የሰከንዶች ጉዳይ ነው። ዲስኩ መልስ ካልሰጠው ግን ዞር ብሎ ለማየት ፋታ አያገኝም። የእርስዎ ታስክ ትዕዛዝዎን ጆሮ ዳባ ልበስ ያለው አይመስለኝም። ገና አልሰማም።

ባክአፑ 97 በመቶ ላይ ቆሟል፤ ስቶፕ አይሰማም፤ የሠራተኞቹ ሲስተም ተንቀራፏል። እነዚህ ሦስት የተለያዩ ችግሮች አይመስሉኝም። ሦስቱም የሚጠቁሙት አንድ ቦታ ነው፦ የባክአፕ ሰርቨሩ ዲስክ የሚመጣበትን ጥያቄ ማስተናገድ አቅቶታል።

«ሠራተኞቹ የሚጠቀሙት ማሽን ሌላ ሰርቨር ላይ ነው፤ ከባክአፕ ሰርቨሩ ዲስክ ጋር ምን አገናኘው?» ይሉኝ ይሆናል። ያገናኘዋል። ፕሮክስሞክስ እየሠራ ያለን ቨርቹዋል ማሽን ባክአፕ ሲያደርግ፣ መያዝ የሚፈልገው ዲስኩ ሥራው በተጀመረበት ቅጽበት የነበረውን ይዘት ነው። ማሽኑ ደግሞ ሥራውን አያቆምም፤ በመሀል አዲስ ነገር ይጽፋል። ገና ያልተቀዳ ቦታ ላይ ሊጽፍ ሲል ፕሮክስሞክስ ያዝ ያደርገዋል። የድሮውን ይዘት አስቀድሞ ወደ ባክአፕ ሰርቨሩ ይልካል፤ ከዚያ በኋላ ነው አዲሱ እንዲጻፍ የሚፈቅደው። ባክአፕ ሰርቨሩ ቶሎ ከተቀበለ ማንም ልብ አይለውም። ከዘገየ ግን አንዷ ሠራተኛ ሴቭ ያለችው ሰነድ ሌላ ክፍል ያለ ዲስክ ወረፋ እስኪደርሰው ይቆማል። በፈረንጆች 2024 የወጣው ፕሮክስሞክስ 8.2 ለዚህ ፍሊሲንግ የሚባል አማራጭ ይዞ መጥቷል። የድሮው ይዘት መጀመሪያ እዚያው አጠገብ ባለ ፈጣን ዲስክ ላይ ያርፋል፤ ወደ ባክአፕ ሰርቨሩ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል። ለዛሬው አይደርስልዎትም። ለሚቀጥለው ግን አጥብቄ እመክረዋለሁ።

97 በመቶውንም ብዙ አይመኑት። ቁጥሩ የሚናገረው ከዲስኩ ምን ያህሉ እንደተነበበ ነው፤ ስንት ደቂቃ እንደቀረ አያውቅም። ባዶ የዲስክ ክፍል በቅጽበት ይታለፋል፤ በዳታ የተሞላው ጊዜ ይወስዳል። የ10 ቴራባይት ዲስክ 1 በመቶው 100 ጊጋባይት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ለአንድ ሰዓት ባይነቃነቅም ሥራው በቀስታ እየሄደ ሊሆን ይችላል። ጨርሶ ቆሞም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለመለየት ዲስኩን ራሱን ማየት ያስፈልጋል። ባክአፕ ሰርቨሩ ላይ አይኦስታት የሚባለውን ትዕዛዝ በየ5 ሰከንዱ እንዲያሳይ አድርገው ለጥቂት ደቂቃ ይመልከቱት። ዲስኩ 100 በመቶ ተይዞም ቢሆን በሰከንድ ጥቂት ሜጋባይት የሚያልፍ ከሆነ ወረፋ ነው፤ ቀርፋፋ ነው እንጂ አልሞተም። 100 በመቶ ተይዞ ምንም የማያልፍ ከሆነ ግን የከርነሉን (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት) ሎግ ይክፈቱ። አንድ ፕሮሰስ ከ120 ሰከንድ በላይ እንደታገደ የሚናገር መልእክት፣ ወይም የዲስክ ማንበብና መጻፍ ስህተት ካዩ፣ ነገሩ ታስክ የመሰረዝ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። ዲስኩ፣ ገመዱ ወይም ኮንትሮለሩ ታሟል። የዚያን ጊዜ ሰርቨሩ ላይ ያለውን ታስክ ሁሉ አስቁመው ሃርድዌሩን ያስመርምሩ።

አሁን ወደ ኪል -9 እንምጣ። ተራው ኪል፣ ማለትም ሲግናል 15፣ ፕሮሰሱን «ሰብስብና ውጣ» ይለዋል። ፕሮሰሱም ሰምቶ ያጸዳዳል፣ ይወጣል። 9 ግን ለፕሮሰሱ አይነገረውም፤ ከርነሉ ራሱ ከሥሩ ይነቅለዋል። ፋይል ለመዝጋት፣ ሎክ (ሌላ ሥራ እንዳይገባበት የተደረገ ቁልፍ) ለመፍታት ዕድል የለም። የሚገርመው ደግሞ፣ ሰው 9ን በጣም በሚፈልግበት ሰዓት ብዙ ጊዜ አለመሥራቱ ነው። ፕሮሰሱ ከዲስክ መልስ እየጠበቀ ከርነል ውስጥ ተኝቶ ከሆነ 9ም ቢሆን ዲስኩ እስኪመልስ ተራውን ይጠብቃል። ፒኤስ የሚባለው ትዕዛዝ በሚያወጣው የፕሮሰሶች ዝርዝር ላይ እንዲህ ያለው ፕሮሰስ በ‹ዲ› ፊደል ነው የሚታየው። ‹ዲ› ካዩ እጅዎን ያንሱ።

ከዚህ የከፋው ግን ሌላ ነው። በፕሮክስሞክስ ባክአፕ ሰርቨር ላይ እያንዳንዱ ታስክ የራሱ ፕሮሰስ የለውም። ባክአፑ፣ ቬሪፊኬሽኑ፣ ጋርቤጅ ኮሌክሽኑ፣ የሌሎች ማሽኖች ባክአፕ፣ አሁን የሚያዩት ድረ ገጽ ጭምር በአንድ ሰርቪስ ውስጥ ነው የሚሄዱት። በታስኩ መለያ ውስጥ ያለው የፕሮሰስ ቁጥርም የዚያው ሰርቪስ ቁጥር ነው። እሱን ኪል ካደረጉ ሁሉም አብረው ይወድቃሉ። እኔም ከዓመታት በፊት አድርጌዋለሁ። አንድ የተጣበቀ ቬሪፊኬሽን ለመገላገል ብዬ ቁጥሩን ኮፒ አድርጌ 9 አልኩት። ቬሪፊኬሽኑ ቆመ። ከእሱ ጋር ስድስት የማሽን ባክአፖችና ሊያልቅ ትንሽ የቀረው፣ ማሽን ከባክአፕ የሚመልስ ሪስቶርም ቆሙ። ሪስቶሩን ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ለነበረው ሰው ምን ብዬ እንዳስረዳሁት ባልናገር ይሻላል።

የድሮዎቹ ባክአፖች ለምን እንደማይነኩ ማወቅ ያረጋጋልና ትንሽ ልዘርዝር። የቨርቹዋል ማሽኑ ዲስክ በባክአፕ ጊዜ 4 ሜጋባይት በሚሆኑ ቁራጮች ይከፋፈላል። እያንዳንዱ ቁራጭ ከይዘቱ በተሰላ የሻ-256 ቁጥር ይሰየምና ራሱን የቻለ ፋይል ሆኖ ይቀመጣል። ስሙ ከይዘቱ የተገኘ ስለሆነ አንዴ የተጻፈ ቁራጭ አይሻሻልም፤ ይዘቱ ከተለየ ስሙም ስለሚለይ ሌላ ፋይል ይሆናል። የአንድ ቀን ባክአፕ ማለት እንግዲህ የትኛው ቁራጭ በስንተኛ ተራ እንደሚሰለፍ የሚናገር ማውጫ ነው። የዛሬው ሥራ ሲቋረጥ ያላለቀው ማውጫ ይጣላል። የቀደሙት ቀናት ማውጫዎችም ሆኑ ቁራጮቻቸው ግን ባሉበት ናቸው።

ያላለቀው ማውጫ ይጣላል ስል ከልቤ ነው። «97 በመቶ ድረስ መጥቷል፤ የመጣውን ያህል ይያዝልኝ» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። አይያዝም። ከተቋረጠ ባክአፕ ሪስቶር ማድረግ የሚባል ነገር የለም። የተጫኑት አዳዲስ ቁራጮች ግን ዲስኩ ላይ ይቀራሉ። በዚህም ምክንያት እየሄደ ያለን ባክአፕ በማቋረጥ ቦታ አስለቅቃለሁ ብሎ የጠበቀ ሰው ያዝናል። ቦታው የሚለቀቀው ጋርቤጅ ኮሌክሽን ሲሄድ ነው፤ እሱም ቢሆን ቅንብሩ ካልተለወጠ በቀር ለመጨረሻ ጊዜ ከተነኩ 24 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ያልሞላቸውን ቁራጮች አይነካም። ስለዚህ አቋርጠው ወዲያው ጋርቤጅ ኮሌክሽን ቢያስጀምሩ ቦታው ባለመቀነሱ አይደንግጡ። ፎልደሩ ውስጥ ገብተው ቁራጮችን በእጅ መሰረዝ ደግሞ በፍጹም አይሞከርም። አንዱ ቁራጭ በመቶ ባክአፖች ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ የአንዱ ጦስ ለመቶው ይተርፋል።

ታዲያ የቱ ታስክ ይቁም? እኔ የምከተለው፣ ሲቋረጥ ትንሹን ዋጋ የሚያስከፍለውን ማስቀደም ነው። ቬሪፊኬሽን እያንዳንዱን ቁራጭ አንብቦ ቁጥሩን እንደገና እያሰላ ያመሳክራል። ጤነኛ ቁራጮችን ከማንበብ በቀር አይነካቸውም። ሲያቆሙት የሚባክነው የደከመበት ሰዓት ነው። ያውም ሁሉም አይባክንም፤ ተረጋግጠው ያለቁት ባክአፖች ውጤታቸው ስለሚመዘገብ በሚቀጥለው ዙር ሊዘለሉ ይችላሉ። ዲስክ በማጨናነቅ ግን አንደኛ ነው። ስለዚህ ያለ ምንም ማመንታት ቀድሞ ይቁም።

ጋርቤጅ ኮሌክሽንን ሰው ይፈራዋል። የሚሰርዝ ታስክ ስለሆነ መሀል ላይ ቢቋረጥ ባክአፕ ይዞ የሚጠፋ ይመስላል። ሥራው ግን በሁለት ዙር የተከፈለ ነው። በመጀመሪያው ዙር ማውጫዎቹን ሁሉ እያነበበ፣ በጥቅም ላይ ባለው ቁራጭ ሁሉ ላይ የጊዜ ምልክቱን ያድሳል። በሁለተኛው ዙር ምልክቱ ያረጀበትን ይሰርዛል። በመጀመሪያው ዙር ቢያቋርጡት ምንም አልተሰረዘም። በሁለተኛው ቢያቋርጡት የተሰረዙት ማንም የማይፈልጋቸው ነበሩ፤ የቀሩት ለሌላ ጊዜ ይቆያሉ። ዋጋው፣ እንደገና ሲጀምር ከዜሮ መነሳቱ ነው። በየቀኑ የሚያቋርጡት ከሆነ መቼም አያልቅም፤ ዲስኩም ቀስ በቀስ ይሞላል። አንድ ሁኔታ ብቻ ስሌቱን ይገለብጠዋል። ዲስኩ አሁኑኑ ሊሞላ የተቃረበ ከሆነ ባክአፑን ያቁሙና ጋርቤጅ ኮሌክሽኑን ያስጨርሱት። በሞላ ዲስክ ላይ ምንም ባክአፕ አይሄድም።

ከሌላ ሰርቨር ጋር የሚያመሳስለው ሲንክ ቢቋረጥ ያልተጠናቀቀውን ባክአፕ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ያመጣዋል፤ አያሳስብም። የቆዩ ባክአፖችን የሚያስወግደው ፕሩን አብዛኛውን ጊዜ ስቶፕ ሳይሉት ያልቃል። ከዝርዝር ያስወጣውን ባክአፕም ስቶፕ ማለት አይመልሰውም።

ሪስቶር ግን ሌላ ነገር ነው። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ሪስቶር የሚጽፈው በሥራ ላይ ባለው ዲስክ ላይ ነው። በነባሩ ማሽን ላይ ሪስቶር ጀምረው መሀል ላይ ካቆሙት የድሮው ዲስክ ጠፍቷል፤ አዲሱ ደግሞ ግማሽ ነው፤ ማሽኑ አይነሳም። ላይቭ ሪስቶር (ማሽኑ እየሠራ የሚደረግ) ከሆነማ ከጀመረ በኋላ ማሽኑ ውስጥ የተጻፈው አዲስ ዳታ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ በታስክ ዝርዝሩ ውስጥ ሪስቶር ካዩ ሌላውን ከመንካትዎ በፊት የማን እንደሆነ ይጠይቁ። ወደፊትም ሪስቶር ሲያደርጉ በአዲስ የማሽን ቁጥር ያድርጉ፤ ነባሩን ማጥፋት በኋላም ይደርሳል።

ስለዚህ አሁን የሚያደርጉት ይህን ነው። ቬሪፊኬሽኑንና ጋርቤጅ ኮሌክሽኑን ከገጹ ላይ ስቶፕ ይበሉ። 15 ደቂቃ ይጠብቁ፤ አይኦስታቱን እያዩ። ወረፋው ሲቀንስ ባክአፑ ፋታ ያገኝና ቀድመው ያስቀመጡለትን ምልክት አይቶ ይወጣል። ሳይነኩት ቢቀሩ ኖሮ ምናልባት ራሱ ይጨርስ ነበር፤ አሁን ግን አልፏል።

ካልወጣ ባክአፕ ሰርቨሩን ትተው ወደ ፕሮክስሞክሱ ገጽ ይሂዱ። ሥራው የተጀመረው እዚያ ነው፤ መቆምም ያለበት ከዚያው ነው። ይህን ብዙ ሰው ይስታል። ከባክአፕ ሰርቨሩ በኩል ሲያቆሙት ተቀባዩን ነው ያቆሙት። ላኪው የሚያውቀው ግንኙነቱ ሲበጠስበት ብቻ ነው፤ እስከዚያ ቨርቹዋል ማሽኑ መጻፍ እየፈለገ ታግቶ ይቆያል። ከፕሮክስሞክሱ ሲያቆሙት ግን ማሽኑን የሚያስኬደው ፕሮሰስ ባክአፑን እንዲተው ይነገረዋል፤ ሎኩም ይፈታል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሥራው ብዙ ማሽኖችን በተራ የሚወስድ ከሆነ ስቶፕ የሚለው ሙሉውን ሥራ ነው። ተራቸውን ሲጠብቁ የነበሩት ማሽኖችም ባክአፕ ሳይደረጉ ይቀራሉ። የትኞቹ እንደቀሩ ከሎጉ ላይ ይጻፉ።

ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይታገሱ። በየደቂቃው ስቶፕ መጫን ምንም አያፈጥንም። ማሽኑን በግድ ማጥፋትም ባክአፕ መሰረዣ መንገድ አይደለም። ባክአፑ ይቆማል፣ አዎ፤ ግን ዲስክ ላይ ያልደረሰ ጽሑፍ አብሮ ይጠፋል። ማሽኑ ውስጥ ዳታቤዝ ካለ ደግሞ ሌላ ሥራ ገዙ ማለት ነው።

በግማሽ ሰዓት ምንም ለውጥ ከሌለ፣ የዚያን ጊዜ ብቻ ባክአፕ ሰርቨሩን ሪስታርት ያድርጉ። ከዚያ በፊት በታስክ ዝርዝሩ ላይ ሪስቶርም ሆነ የሌላ ማሽን ባክአፕ አለመኖሩን ያረጋግጡ። በ‹ዲ› የተያዘ ፕሮሰስ ካለ ሪስታርቱ ራሱ መሀል ላይ ሊንጠለጠል ይችላል። ሰርቨሩ ከእርስዎ ሩቅ ከሆነ ኃይሉን ማጥፊያና ማብሪያ መንገድ እንዳለዎት አስቀድመው ያስቡ።

ታስኩ ከወጣ በኋላ ሥራው አላለቀም። መጀመሪያ ቨርቹዋል ማሽኑ ላይ የባክአፕ ሎክ ቀርቶ እንደሆነ ይዩ። በግድ የተቋረጠ ባክአፕ ይህን ሎክ ትቶ መሄድ ይወዳል። ሎኩ እያለ ማሽኑን ማስነሳትም ሆነ ወደ ሌላ ሰርቨር ማዛወር አይፈቀድም። የሚፈታው በ«ኪውኤም አንሎክ» እና በማሽኑ ቁጥር ነው፤ ለምሳሌ «ኪውኤም አንሎክ 105»። ይህን ትዕዛዝ የሚሰጡት ግን ባክአፑ በእርግጥ መሞቱን ካረጋገጡ በኋላ ነው። እየሠራ ካለ ባክአፕ ሥር ሎክ መፍታት ሁለተኛ ባክአፕ በላዩ እንዲጀምር በር መክፈት ነው። ኮንቴይነር (ከቨርቹዋል ማሽን የቀለለው አይነት) ከሆነ ደግሞ በባክአፑ የተፈጠረ ስናፕሾት (የቅጽበት ቅጂ) ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል ዝርዝሩን አይተው ያስወግዱት።

ማሽኑ ፒንግ እየመለሰ ምንም ነገር ሴቭ ማድረግ ካልቻለስ? ገስት ኤጀንት (ማሽኑ ውስጥ ተቀምጦ ከፕሮክስሞክስ ጋር የሚነጋገር ትንሽ ፕሮግራም) ካለው ፋይል ሲስተሙ እንደታሰረ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ባክአፕ ሲጀምር ፋይል ሲስተሙ ለአፍታ ይታሰራል፣ ወዲያው ይፈታል። ሥራው በዚያች አፍታ ከተቆረጠ መፍቻው አይደርስም። እርስዎ ጋ 97 በመቶ ላይ ስለሆነ ይህ የመሆኑ ዕድል ትንሽ ነው። ገና እንደጀመረ ባክአፕ የሚያቆም ሰው ግን ልብ ይበለው። ሁኔታውን መጠየቂያም መፍቻም ትዕዛዝ በገስት ኤጀንቱ በኩል አለ።

ሌላ ሶፍትዌር የሚጠቀሙ አንባቢዎችም ይህንኑ ስለሚጠይቁኝ በአጭሩ። የቪም ተጠቃሚ ከሆኑ ሁለት አይነት ስቶፕ አለ፦ ወዲያው የሚያቆምና የያዘውን ማሽን ጨርሶ የሚያቆም። ጊዜ ካለዎት ሁልጊዜ ሁለተኛውን ይምረጡ። ቦርግ 1 ላይ ሥራው በየ30 ደቂቃው ቼክፖይንት (የደረሰበትን መያዣ) ስለሚያስቀምጥ ኮንትሮል-ሲ ተጭኖ ማቋረጥ ብዙ አይጎዳም፤ የተላከው በሚቀጥለው ይጠቅማል። ሬስቲክ ላይ የአንሎክ ትዕዛዙ ያረጁ ሎኮችን ብቻ ነው የሚያነሳው፤ ሁሉንም የሚያነሳውን አማራጭ ሌላ ሰው እየሠራ አለመሆኑን ሳያረጋግጡ አይጠቀሙ። ቴፕ ላይ የሚጽፍ ሥራ ሲሰርዙ ካሴቱ እስኪጠቀለልና ድራይቩ እስኪለቀው ይጠብቁ፤ ያ ዝምታ ብልሽት አይደለም። የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ባክአፕ ሲጣበቅ ደግሞ የዳታቤዙን ፕሮሰስ 9 አይበሉ። አንዱን ሲገድሉ ዳታቤዙ ለጥንቃቄ ብሎ የሌሎቹንም ተጠቃሚዎች ግንኙነት ይቆርጥና ከብልሽት ማገገም ይጀምራል።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ዛሬ ማታ የሚሄደው ባክአፕ ከወትሮው በጣም ይረዝማል፤ አይደንግጡ። በደህናው ቀን ፕሮክስሞክስ የትኛው የዲስክ ክፍል እንደተለወጠ በማስታወሻ ይይዝና የተለወጠውን ብቻ ያነባል። ባክአፕ ሲቋረጥ ወይም ሲከሽፍ ግን ማስታወሻው ከባክአፕ ሰርቨሩ ጋር መግባባቱ ስለማይታወቅ ይጥለዋል። የሚቀጥለው ሥራ ሙሉውን ዲስክ ከመጀመሪያ ያነባል። በዚያ ላይ ቬሪፊኬሽንና ጋርቤጅ ኮሌክሽን ከተደረቡበት ነገ ጠዋትም ይህንኑ ጥያቄ ይጽፉልኛል። ስለዚህ ሁለቱንም ለዛሬ ማታ ከፕሮግራም ያውጧቸው። ባክአፑንም ከተለመደው ሰዓት ቀደም አድርገው፣ ሠራተኞች እንደወጡ ያስጀምሩት። መጀመሪያ አንድ ትንሽ ማሽን ብቻ በእጅ ባክአፕ አድርገው ፍጥነቱን ይዩ። ትንሹም የሚንቀረፈፍ ከሆነ ትልቁን አያስጀምሩ፤ ዲስኩን ይመርምሩ። ባክአፑ በሰላም ካለቀ ጋርቤጅ ኮሌክሽኑን ነገ ቀን ላይ፣ ቬሪፊኬሽኑን ደግሞ በሳምንቱ መጨረሻ ይመልሷቸው፤ ከዚያም ሦስቱ ዳግም እንዳይገናኙ ሰዓታቸውን ለያይተው ያስቀምጡ።